መግነዙን ማን ይፍታለት?

በብዙዎቻችን አጥቢያ የታየ ነገር ነው። አንድ ወንድም ከመጠጥ ሱስ ነጻ እንደ ወጣ መድረክ ላይ ቆሞ ይመሰክራል። እልልታውና ጭብጨባው ቤቱን ይሞላዋል። እኛም ለጌታ ክብር ሰጥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድማችን ከኅብረት ይጠፋል፤ ሲፈለግ የሚገኘው እዚያው አረቄ ቤት ነው። እንዳይመለስ የያዘው ከመጠጡ ይልቅ እፍረቱ ነው። "ነጻ ወጥቻለሁ" ብሎ በመሰከረበት ጉባኤ "ወድቄአለሁ" የሚልበት ቦታ አላዘጋጀንለትም።

ጌታ ከሱስ ነጻ እንደሚያወጣ እናምናለን። በአንድ ቀን ጸሎት መጠጥ ትተው ዳግም ያልቀመሱ ወገኖችም በመካከላችን አሉ። ነገር ግን ዮሐንስ ምዕራፍ 11ን ስናነብ አንድ ነገር እናስተውል። አልዓዛርን ከመቃብር የጠራው ጌታ ብቻ ነው፤ መግነዙን እንዲፈቱለት ያዘዘው ግን በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ነው። ሕይወት የሰጠው እርሱ ሆኖ ሳለ የመፍታቱን ሥራ ለሰው እጅ ተወ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ "ውጣ" ብለን ጸልየን፣ የወጣውን ሰው እንደ ተገነዘ ወደ ቤቱ እንሸኘዋለን።

ከሱስ የሚወጡ ሰዎች በየሳምንቱ የሚገናኙበት የመደጋገፊያ ቡድን ያስፈልጋል የምንለው ለዚህ ነው። የዚህ ነገር ታሪክም ከቤተ ክርስቲያን የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የሚባል ሰው፣ መጠጥ ካቆመ ወራት ተቆጥረው ሳለ፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ሥራው ከሸፈበት። ባረፈበት ሆቴል የመጠጡ ፈተና ሲበረታበት ስልክ አንሥቶ ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደወለ፤ የፈለገው እንደ እርሱ መጠጥ ያሸነፈው ሌላ ሰው ነበር። በዚህ መንገድ ከቀዶ ሐኪሙ ከቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ዛሬ በብዙ አገሮች ያለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተጀመረው በእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን ሴሌብሬት ሪከቨሪ የተባለውን አገልግሎት ጀመረች፤ መመሪያዎቹን የመሠረተችው በተራራው ስብከት ብፁዓን በተባሉት ላይ ነው።

"ታዲያ ኢየሱስ አይበቃም?" የሚሉ ወገኖች አሉ። ይበቃል። ነገር ግን እርስ በርሳችን ኃጢአታችንን እንድንናዘዝና እንድንፈወስ አንዱ ለሌላው እንዲጸልይ በያዕቆብ 5፥16 ያዘዘን እርሱ ራሱ ነው። በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባ እግዚአብሔርን እያንዳንዱ እንደ ገባው ይጠራዋል፤ እኛ ግን ያመንነውን እናውቃለን። እዚያ የተቀመጠ አማኝ ጌታውን አልካደም።

በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች፣ እነዚህን ስብሰባዎች ማግኘት አይከብድም። ብዙዎቹ የሚካሄዱት በአብያተ ክርስቲያናት አዳራሽና ምድር ቤት ነው። ምናልባትም ጉባኤአችን እሑድ በሚከራየው ሕንፃ ውስጥ በሌላ ቀን ማታ አንዱ ይኖር ይሆናል። ክፍያ የለውም። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው፤ የአባት ስም መናገርም ግድ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ዝም ብሎ ማዳመጥ ይቻላል። አንዱ ቡድን ካልተስማማ ሌላውን መሞከር ነው።

በአገር ቤት ግን እንዲህ ያለ ቡድን በቅርብ አይገኝ ይሆናል። እንግዲያው እኛው እንጀምረው። ሦስት ወይም አራት ሰዎች፣ ሳምንት በሳምንት፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ይገናኙ። ስብከት አይብዛበት፤ የሚመራውም በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው ቢሆን መልካም ነው። እህቶች ለብቻቸው የሚገናኙበት ይኑር፤ የሴት መጠጥ ከወንዱ ይልቅ ተደብቆ ይኖራልና። የወደቀም በሚቀጥለው ሳምንት "እንኳን መጣህ" ይባል።

ከሁሉ በላይ ምስጢር ይጠበቅ። እውነቱን እንነጋገር፦ በእኛ ዘንድ የወንድም ገመና "የጸሎት ርዕስ" ተብሎ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። እንዲህ ካደረግን ማንም ልቡን አይከፍትልንም፤ አለመክፈቱም ትክክል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አንርሳ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊታየው፣ ሰውነቱን ጥሎት ሊያንፈራግጠው ይችላል። ይህን አይተን ርኩስ መንፈስ ነው ብለን ብቻ ሌሊቱን ሙሉ በላዩ ብንጮህ ሰው ሊሞትብን ይችላል። ሐኪም ቤት እንውሰደው፤ አልጋው አጠገብም እንጸልይ።

ወገኖች፣ ከመቃብር የወጡ ብዙዎች በመካከላችን ቆመዋል፤ እጃቸውና እግራቸው ግን አሁንም እንደ ታሰረ ነው። ጌታ የእርሱን ድርሻ ሠርቷል፤ መግነዙ የሚጠብቀው የእኛን እጅ ነው። በሚቀጥለው እሑድ የሚመሰክረውን ወንድም አጨብጭበን ከምንሸኘው፣ "ማክሰኞ ማታ የት እንገናኝ?" ብለን እንጠይቀው።

ጌታ ይርዳን። አሜን።