ፎር ዊል ያስነሳል እንጂ አያቆምም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ወሎ ሰፈር ኢትዮ ቻይና መንገድ ዳር የቆሙትን ላንድክሩዘሮች ጎማ ልብ ብላችሁ እዩ። አንዳንዱ ሙልጭ ብሏል። ሲጠየቁ "ፎር ዊል እኮ ነው!" ነው መልሱ።

አራቱም ጎማ መጎተቱ ከጭቃ ያወጣል። ፍሬን ሲያዝ ግን ፎር ዊሉ ምንም አይጨምርም፤ የሚያቆመው ጎማው ነው። በክረምት ደግሞ ጥርሱ ውሃውን ካልገፋ መኪናው ውሃው ላይ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ሽቦው እስኪታይ አትጠብቁ። ቦዩ ውስጥ ያለችው ትንሽ እብጠት ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነች የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው አብቅቷል። ደሴ የምትመላለሱ፣ ጣርማ በርን በጉምና በዝናብ የምትወርዱ ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ቀይሩ። ዕድሜውንም እዩ፦ ጎኑ ላይ 2316 ካለ በፈረንጆቹ 2016፣ 23ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ነው። ላስቲክ ቆሞም ይደርቃል፤ 10 ዓመት ካለፈው ጥርስ ቢኖረውም አትመኑት።

ጎማ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ክላውዶ ማለፍና ቁልቁለት ላይ መቆም ለየቅል ናቸው። የምትጭኑት ሰው ነው። ዛሬውኑ ጎንበስ ብላችሁ እዩት።