ስለ ውሻ ትምህርት፤ አለንጋ ይሻላልን ወይስ ቁራሽ?

ብዙ ሰዎች ውሻ ካልተመታ አይማርም ይላሉ። እኛ ግን ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ውሻው አጥፍቶ ይሸሻል፤ ጌታው ይጠራዋል፤ በመጣም ጊዜ ይመታዋል። ጌታው ስለ ጥፋቱ የቀጣው ይመስለዋል፤ ውሻው ግን የተማረው ሲጠሩት መምጣት እንደሚያስመታ ነው። እንግዲህ በማግሥቱ ተጠርቶ ባይመጣ ጥፋቱ የማን ነው?

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ዓመተ ምሕረት የታተመ አንድ ጥናት በፖርቱጋል አገር ከ7 ማሠልጠኛ ቤቶች የመጡ 92 ውሾችን መርምሮ ነበር። አብዝተው በቅጣት በተማሩት ውሾች ምራቅ ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ምልክት፣ በሽልማት ከተማሩት ይልቅ ከትምህርቱ በኋላ ጨምሮ ተገኘ።

ስለዚህ ውሻው የታዘዘውን በፈጸመበት ቅጽበት ቁራሽ ይሰጠው፤ የዘገየ ሽልማት ስለ ምን እንደ ተሰጠ አያውቅምና። በሰው ላይ ቢዘል ፊት ይመለስበት፤ አራት እግሩ መሬት በረገጠ ጊዜ ግን ይመስገን። የቤቱም ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃል ይዘዙት፤ አንዱ የከለከለውን ሌላው ቢፈቅድለት ትምህርቱ ከንቱ ይሆናል።

ይህን የምንለው ለውሻው ብቻ አዝነን አይደለም። የፈራ ውሻ ይናከሳል፤ በቤት ውስጥም አስቀድሞ ወደ እርሱ የሚዘረጋው ብዙ ጊዜ የሕፃን እጅ ነው። አለንጋውን የሚያነሣ አባት ይህን አስቀድሞ ያስብ።