ሜሞሪ ከመግዛታችሁ በፊት

የዛሬው ርዕሳችን በዚህ ዓምድ ከምናወሳው ከሕፃናት አመጋገብና ከጓዳ አያያዝ ለየት ያለ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ዛሬ ልጆች የሚያጠኑበት፣ ለብዙ እናቶችም የእንጀራ ገመድ የሆነ ዕቃ ነውና ስለ አያያዙ ማወቅ የቤት ጉዳይ ሆኗል።

በሰፈራችን ማመልከቻና ልዩ ልዩ ጽሑፍ በመጻፍ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ አንዲት ወይዘሮ አሉ። ኮምፒዩተራቸው እየተጎተተ ደንበኛ ስላስመረረባቸው፣ ዕቁብ ሲደርሳቸው ማኅደረ ትውስታ፣ በገበያው አጠራር ራም ወይም ሜሞሪ፣ ገዙ። ዕቃው አዲስ ነበር፤ መጠኑም 8 ጊጋ። ቤት ሲደርስ ግን አልገባ አለ። የበኩር ልጃቸው «ትንሽ ጫን ቢባል ይገባል» ብሎ ሲታገል አንዱ መሰኪያ ተሰነጠቀ። ሻጩም የተነካ ዕቃ አልመልስም አለ።

«ዕቃውስ ደኅና ነበር፤ ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔ ግን ጥፋቱን በእርሳቸው ላይ አልጥልም። ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ የነገራቸው ሰው አልነበረምና።

ለመሆኑ ከመግዛት በፊት ምን ማወቅ ይገባል?

በመጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ የሜሞሪ ማነስ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ወትሮው እየሠራችሁ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጫኑ። በዊንዶውስ የሚሠራ ኮምፒዩተር ታስክ ማኔጀር የተባለውን ገጽ ይከፍትላችኋል። በዚያም ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎም ሜሞሪ የሚለውን ስትመርጡ ምን ያህሉ እንደተያዘ በመቶኛ፣ ፍጥነቱን፣ ከመሰኪያዎቹም ስንቱ እንደተያዙ ታያላችሁ። ዘወትር ከመቶ 90 የሚያልፍ ከሆነ መጨመሩ ይጠቅማል። ግማሹ እንኳ ሳይያዝ ኮምፒዩተሩ የሚጎተት ከሆነ ግን ምክንያቱ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሜሞሪ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነም ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይጠቀም አስቀድሞ ወደ ባለ 64 ቢት መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ትውልዱ ነው። የወይዘሮዋ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። በገበያ የሚገኙት በአመዛኙ ዲ.ዲ.አር.3፣ ዲ.ዲ.አር.4 እና ዲ.ዲ.አር.5 ናቸው። መልካቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይተካም። የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ ኃይል እንኳ የተለያየ ነው፤ 3ኛው 1.5 ቮልት፣ 4ኛው 1.2፣ 5ኛው 1.1 ቮልት። ሰው እንዳይሳሳት ተብሎም በሥሩ ያለችው ቅርጥ በየትውልዱ ልዩ ልዩ ቦታ ላይ ትውላለች። ስለዚህ አልገባም ያለ ሜሞሪ «የእኔ ቦታ አይደለም» እያለ ነውና ከቶ አታስገድዱት። ለምሳሌ ኮር አይ 5 የሚባሉት ባለ 3ኛና ባለ 4ኛ ትውልድ ዴስክቶፖች ዲ.ዲ.አር.3 ሲጠቀሙ፣ ባለ 8ኛና ባለ 9ኛ ትውልዶቹ ዲ.ዲ.አር.4 ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው ቁመቱ ነው። የዴስክቶፕ ሜሞሪ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም የላፕቶፑ ግማሹን ያህል ነው። መጽሐፍ የሚያህሉት ትንንሽ ዴስክቶፖች ግን የላፕቶፑን ዓይነት ይወስዳሉ። ለሰርቨር የተሠራ ሜሞሪም በርካሽ ቢቀርብላችሁ አትታለሉ፤ በተራ ዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

አራተኛው ፍጥነቱ ነው። ባለ 1333 እና ባለ 1600 ሜሞሪ አንድ ላይ ሲገቡ ሁለቱም በዝግተኛው ፍጥነት ይሄዳሉ። አይጎዳም፤ ነገር ግን ለፍጥነቱ ብላችሁ የጨመራችሁት ገንዘብ ጥቅም አይሰጥም። ቢቻል መጠናቸውና ፍጥነታቸው እኩል የሆኑ ጥንድ መግዛት ይመረጣል። ማዘርቦርዱ እስከ ስንት ጊጋ እንደሚቀበልም ከመመሪያው ወይም ከባለሙያ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ከሁሉ የሚቀለው መንገድ አሮጌውን ሜሞሪ ነቅሎ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ነው። ክር ስንገዛ ቁራጭ ጨርቅ ይዘን እንሄድ የለም? ከመክፈላችሁም በፊት «ካልሠራ ትመልሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ስትነቅሉም ሆነ ስትሰኩ ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ። በሰውነታችን ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ዕቃውን እንዳያበላሸው የሣጥኑን ብረት ንኩ። ሜሞሪውን በጠርዙ ያዙት፤ ቅርጧን ከመሰኪያው ጋር አስተካክላችሁ ሁለቱን ጫፎች እኩል ተጫኑ። ማቀፊያዎቹ ቀጭ ሲሉ ገብቷል ማለት ነው። ሲበራ እየጮኸ ሥዕል ካላመጣ አጥፍታችሁ እንደገና ሰኩት።

ወይዘሮዋ ያንን ሜሞሪ ለሚስማማው ሰው በጥቂት ኪሣራ ሸጡት። በተረፈችው አንዲት መሰኪያም ትክክለኛውን ዲ.ዲ.አር.3 አስገብተው ሥራቸውን ቀጥለዋል። የተሰነጠቀችው መሰኪያ ግን ባዶዋን ቀርታለች። «እርሷን ባየሁ ቁጥር ከመግዛቴ በፊት መጠየቅ ትዝ ይለኛል» ይላሉ።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።