ስለ ሻምፓኝ አስመጪዎች

ብዙ አስመጪ ሻምፓኝ ሲያዝ የቤቱን ስምና ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ይረካል። ይህ ግን እንደማይበቃ በፈረንሳይ አገር በራንስ ከተማ የሚገኘው ቨቭ ክሊኮ ምስክር ነው።

ቤቱ በ1772 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። በ1805 የመሥራቹ ልጅ በሞተ ጊዜ ሚስቱ ወይዘሮ ባርብ ኒኮል ክሊኮ በ27 ዓመታቸው ንግዱን ተረከቡ፤ «ቨቭ» መባሉም መበለት ማለት ነውና ከዚሁ የተነሣ ነው። በ1814 የናፖሌዎን ጦርነት ጋብ ሲል ከ10,000 የሚበልጥ ጠርሙስ ለመስኮብ ገበያ በመርከብ ላኩ።

ይሁን እንጂ ወይዘሮይቱን ይበልጥ የሚያስመሰግናቸው የአተላው ነገር ነው። ሻምፓኝ በጠርሙሱ ውስጥ ዳግመኛ ስለሚፈላ አተላ ይቀርበታል፤ ጠላ የጠመቀ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ቤቱ እንደሚተርከው በ1816 ጠርሙሶቹን በተበሳ ጠረጴዛ ላይ በአንገታቸው ደፍተው፥ በየጊዜው እያዞሩ አተላውን ወደ ቡሹ አወረዱት፤ ወይኑም ጠራ።

ባለ ቢጫ ወረቀቱ «ብሩት» ስኳሩ ጥቂት ነው፤ ጣዕሙ ከዓመት ዓመት እንዳይለወጥም የልዩ ልዩ ዓመት ወይን ይቀላቀልበታል። «ደሚ ሴክ» ጣፋጭ ነው፤ «ሮዜ» ቀይ ወይን የተጨመረበት ነው፤ ዓመቱ የተጻፈበት ደግሞ የአንድ ዓመት መከር ብቻ ነው። እንግዲህ በትእዛዙ ላይ ዓይነቱን ሳይለይ «ክሊኮ» ብሎ ብቻ የጻፈ አስመጪ፥ ለሠርጉ ጣፋጭ የፈለገ ደንበኛ ብሩቱን «ጎመዘዘኝ» ብሎ ቢመልስበት በቤቱ ላይ ሊያማርር አይገባውም።