ገንዳው በክረምት ይሙቅ ወይስ ይድረቅ?

ባገራችን ክረምት ሲባል ካሳባችን የሚመጣው ዝናብና ጭቃ ነው፤ ውሃው ግን ውሃነቱን አይለቅም። በሰሜን አሜሪካ፣ በተለይም በሚኒሶታ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ክረምት ማለት ውሃው ራሱ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርበት ወራት ነው። ከእነርሱም መካከል በጓሯቸው የሙቅ ውሃ ገንዳ ያላቸው ቤተ ሰቦች ስላሉ፣ በዚህ ወር ገንዳው ከብርድ የሚጠበቅበትን መንገድ ልናስረዳ አስበናል።

አስቀድሞ የውሃን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ውሃ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ረግቶ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ይጨምራል። በጠባብ ቧንቧ ውስጥ ሲረጋም የሚሰፋበት ስፍራ ስለማያገኝ ቧንቧውን፣ ፓምፑንና ማሞቂያውን ይሰነጥቃል። ጉዳቱም ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በዚያው ሌሊት ሳይሆን፣ በረዶው ቀልጦ ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ነው።

ስለዚህ ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ይኸውም ገንዳውን ሙሉና ሙቅ አድርጎ ማክረም፣ ወይም ፈጽሞ ማድረቅ ነው። የመብራት ሒሳብ ለመቆጠብ ሲሉ ማሞቂያውን አጥፍቶ ውሃውን እንዳለ መተው ግን ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ያመጣል።

በክረምት የሚጠቀምበት ቤተ ሰብ ብርዱ ሳይበረታ በጥቅምት ውሃውን ይለውጥ፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ይጠብ፤ ክዳኑንም ይመርምር። ሙቀቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያመልጠው በውሃው ገጽ በኩል ስለሆነ፣ የተቀደደ ወይም ውሃ መጥጦ የከበደ ክዳን መለወጥ አለበት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል፣ ክሎሪኑ በአንድ ሊትር ከ3 ሚሊግራም እንዳያንስ፣ የውሃውም ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ ዘወትር ይለካ። ብዙዎቹ ገንዳዎች ብርድ ሲመጣ ፓምፑን በራሱ የሚያስነሣ መከላከያ አላቸው፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ይህም መከላከያ ሥራውን ያቆማል። በዚያን ጊዜ ክዳኑን አለመክፈት ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ያቆየዋል።

ገንዳውን የሚያደርቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪኩን ከዋናው ማቋረጫ ያጥፋ፤ ከዚያም ውሃውን ያፍስስ። ብዙ ሰው ገንዳው ባዶ ሆኖ ሲታየው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን የሚያጠፋው ያ በዓይን የማይታየው ቅሪት ነው። ስለዚህ የፓምፑና የማሞቂያው ውታፎች ይከፈቱ፤ መጋጠሚያዎቹም ይላሉ፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ የቀረው ውሃ ፈሳሽ በሚስብ ቫኪዩም ይውጣ፤ ወለሉም በስፖንጅ ይድረቅ። የገንዳው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት፣ ለውሃ ቧንቧ የተዘጋጀ አንቲፍሪዝ ይጨመራል። የመኪናው አንቲፍሪዝ ግን ብዙውን ጊዜ መርዛማ ኤቲሊን ግላይኮል ስላለበት ፈጽሞ አይነካ።

ገንዳው ቢሞላም ቢደርቅም ክዳኑ በቁልፍ ይታሰር፤ ሕፃን ሊገባበት ይችላልና።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ስለ እሳት ቢሆንም፣ ለበረዶም ይሠራል። ለተሰነጠቀ ፓምፕ የሚከፈለው ገንዘብ ለልጆች ትምህርት ወይም ባገር ቤት ላሉ ወላጆች የታሰበ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ባልና ሚስት ጥቅምት ሳይወጣ ተመካክረው ከሁለቱ መንገዶች አንዱን ይቁረጡ፤ የቈረጡትንም እስከ መጨረሻው ይፈጽሙ እንላለን።