ጸጥታ ሁሉ ሰላም ነውን?

ባለፈው ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእኅቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለን፣ ስለ ሁለት መጻሕፍት ክርክር ገጠምን። ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ መጽሐፍም አንባቢ ነው፤ ስለዚህ ከዘመዶቼ ልጆች ሁሉ ይልቅ ከእርሱ ጋር መጨዋወት ደስ ይለኛል። ነገር ግን በዚያን ቀን የተናገረው ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ ለእርሱም ለእኩዮቹም ይሆን ዘንድ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

«አጎቴ፣» አለኝ፣ «ፍቅር እስከ መቃብርን ሳነብ ነፍሴ ታርፋለች። ሁሉም ቦታውን የሚያውቅበት ዘመን ነበር፤ ጌታው ጌታ ነው፣ ገበሬው ገበሬ ነው፣ ካህኑም ካህን ነው። ኦሮማይን ሳነብ ግን መርካቶ መካከል የቆምሁ ይመስለኛል፤ ጦርነት፣ ስለላ፣ መጠጥ፣ ክሕደት፤ ማን የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። የመጀመሪያው የሰላም መጽሐፍ፣ ሁለተኛው የብጥብጥ መጽሐፍ ነው።» ይህን ብሎ ዝም ቢል ኖሮ በወጣትነቱ አሳብቤ በተውሁት ነበር። እርሱ ግን ቀጠለና፣ «ይህ አገር ያጣው ዝም የሚያሰኘው ሰው ነው። መርካቶንም ቢሆን አንድ ቆራጥ ሰው በትር ይዞ ቢገባባት በሳምንት ውስጥ ቀጥ ትላለች» አለ።

ወጣቶች ሆይ፣ እኔ በመርካቶ ከ40 ዓመት በላይ የነገድሁ ሰው ነኝ እንጂ የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለሁም። ሆኖም የእኅቴ ልጅ ሁለቱንም መጻሕፍት፣ መርካቶንም ጭምር፣ ገልብጦ እንዳነበበ ላስረዳ እችላለሁ ብዬ አምናለሁ።

ከመርካቶ ልጀምር፤ ክሱ ከዚያ ተነሥቷልና። መርካቶ የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጠላት የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረው፣ ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ ለማኖር ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀጥ ያለ መንገድና የተለካ ቦታ፣ እጅግ ያማረ ሥርዐት ነበር። የእኅቴ ልጅ የሚመኘው ባለ በትር፣ እንግዲህ፣ አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ያመጣው ሥርዐትም ምን እንደ ነበር እናውቃለን።

ዛሬ መርካቶ የገባ እንግዳ ጆሮው ይደነቁራል። ኩሊው ከራሱ በላይ የተቆለለ ሸክም ተሸክሞ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይመጣል፤ ምን አለሽ ተራ ላይ ብረት ሲቀጠቀጥ ይውላል፤ የአንዋር መስጊድ አዛንና የራጉኤል ደወል በአንድ ሰማይ ላይ ይገናኛሉ። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ጫጫታ ሥር የሚሠራውን ተመልከቱ። የጅምላው ነጋዴ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ቸርቻሪ ዕቃውን በዱቤ ይሰጠዋል፤ ውልና ዳኛ የለም፤ በደብተር ላይ ስሙና ቍጥሩ ይጻፋል፣ ሰውየውም ሸጦ ተመልሶ ይከፍላል። ዕቁብተኛው ዕጣ ሲወጣለት ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ፣ ምንም የሚያገኘው ባይኖር እንኳ፣ ሲጥል ይኖራል። መርካቶ የጻድቃን ከተማ ናት አልልም፤ በርበሬ ከሸክላ ጋር የሚፈጭ፣ ሚዛን የሚሰርቅ፣ ኪስ የሚያወልቅ ሞልቷል። ነገር ግን ሌባውን ሌባ ለማለት የሚያስችለን ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ስለ በዛ ነው። ሁሉም ቢሰርቅ ኖሮ መርካቶ አንድ ቀን እንኳ ባልዋለች ነበር።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንምጣ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ. ም. ታትሞ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ሰው ሥራውን አቁሞ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አለቀሰ! ማልቀሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን እንባው ዓይናችንን ጋረደውና ቤቱ ሲፈርስ ሳናይ ቀረን።

በፊታውራሪ መሸሻ ቤት እኮ ጫጫታ የለም። ሰው ሁሉ በማዕረጉ ይቀመጣል፣ በማዕረጉ ይናገራል። ነገር ግን በዚያ ቤት ካለው ልማድ አንድ እንኳ የተሠራበትን ሥራ የሚሠራ አላገኘሁም። ጋብቻ ሰውን ከሰው ማስተሣሠር ሲገባው የዘር መቍጠሪያ ሆኗል፤ ስለዚህ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል ከምድር ላይ ይጠፋና ዕድሜዋ በከንቱ ያልፋል። ስለት እግዚአብሔርን ማመስገኛ መሆኑ ቀርቶ፣ የበዛብህን ሕይወት እርሱ ገና ሳያውቅ ማሰሪያ ሆኗል። ጌትነትም ገበሬውን መጠበቂያ መሆኑ ቀርቶ ጭማሪ መብል መጠየቂያ ሆኗል። ይህን ሁሉ አይቶ የሚናገር አንድ ሰው አለ፤ ስሙ ካሳ ሲሆን «ጉዱ» የሚል ቅጽል ሰጥተው ዕብድ ነው ይሉታል። እውነተኛው ዕብድ፣ ዕብዶቹም ጨዋ የሚባሉበት ቤት የሰላም ቤት ነው ትሉኛላችሁን?

በመጨረሻ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት እንቢ አሉ። ፊታውራሪም ሊቀጧቸው ወጡ፤ ተሸንፈውም በገበሬዎቹ እጅ ወደቁ። ነገርን በጩኸቱ የሚለካ አንባቢ «ብጥብጡ በዚህ ቀን ተጀመረ» ይላል። እኔ ግን በዚያ ቀን ታየ እንጂ አልተጀመረም እላለሁ፤ የተጀመረውስ በጸጥታው ዘመን፣ በግብሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። መጽሐፉ በወጣ በ8 ዓመቱ፣ በ1966 ዓ. ም.፣ የአገሪቱ ትልቁ ቤት ራሱ ሲናድ «ድንገት መጣብን» ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ድንገት አልነበረም፤ ለ8 ዓመት በየመጻሕፍት መደብሩ ሲሸጥ ነበር። (የእንግሊዙ ባለቅኔ ሼክስፒርም፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት ማክቤት ውስጥ፣ ንጉሡን ያስገደለው በጦር ሜዳ ላይ አይደለም፤ በእንግድነት በተኛበት ሌሊት ነው።)

ሐዲስን የምወቅስበት አንድ ነገር አለኝ። እውነቱን ሁሉ ለጉዱ ካሳ አፍ ሰጥተው ለገበሬዎቹ ጥቂት ብቻ አስቀሩላቸው። እነዚያ ሰዎች ጌታቸውን ካሸነፉ በኋላ ምን አሰቡ? እርስ በርሳቸውስ እንዴት ተዳኙ? መጽሐፉ ትቷቸው ወደ ፍቅረኞቹ ይመለሳል። እኔ ነጋዴ ስለ ሆንሁ ይሆናል፣ ይህ ክፍል ሁልጊዜ ያልተዘጋ ሒሳብ ይመስለኛል።

ኦሮማይ በ1975 ዓ. ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከየመሸጫው ተሰበሰበ። ለእኔ የደረሰኝ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ለሦስት ሌሊት ብቻ፣ በውሰት ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ. ም. ከቤታቸው እንደ ወጡም አልተመለሱም። ርእሱ ደግሞ እንደ መርካቶ ሁሉ ከጣልያን ቋንቋ በአሥመራ በኩል የመጣ ቃል ነው፤ አበቃ፣ አከተመ እንደ ማለት ነው።

የእኅቴ ልጅ «ብጥብጥ» ያለውን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በጥንቃቄ ብትፈልጉት የምታገኙት ምንድን ነው? ዕቅድ! የ1974ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ኮሚቴ አለው፣ መርሐ ግብር አለው፣ ካርታ አለው፤ ለያንዳንዱ ሰው የሥራ ድርሻ ተመድቦለታል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ሊመራ አሥመራ ይገባል። ሁሉም ነገር በሰዓቱ ነው፤ ንግግሩም ያማረ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሰው በልቡ የሚያውቀውን በአፉ የሚናገርበት ቦታ ነው። በስብሰባው ላይ አልተገኘም፤ በአልጋ ላይ እንኳ፣ በፍቅረኞች መካከል፣ በሙሉ አልተገኘም። ናቅፋ ሲደረስ ካርታውና ተራራው ተለያዩ፤ ፊያሜታም ሞተች። መጠጡና ጭፈራው የብጥብጡ ምክንያት አይደሉም፤ መናገር የተከለከለ ሕዝብ የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ናቸው። በዓሉንም እወቅሳቸዋለሁ፤ ሆቴሉን እጅግ ወደዱት፤ የአሥመራን ድኻ በመኪና መስኮት ከማየት አልፈው ብዙ አልወረዱም። ቢሆንም የጻፉት ቃል ምን እንደሚያስከፍላቸው እያወቁ የጻፉ ሰው ናቸውና ወቀሳዬን በዚህ አቆማለሁ።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡአቸው። ጉዱ ካሳ ያየውን ይናገራል፤ የሚሰማው የለም። ጸጋዬ ኃይለ ማርያም የሚሰማው አገር ሙሉ ሰው አለው፤ ያየውን አይናገርም። ልዩነቱ የሰላምና የብጥብጥ አይደለም፤ በሽታው አንድ ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ከመጀመሪያው ይልቅ ሥር የሰደደበትን ደረጃ ያሳያል። በመጀመሪያው ቤት እውነት ዕብድ ተብላ በግቢ ውስጥ ትዞራለች፤ በሁለተኛው ደመወዝ ተቈርጦላት ሌላ ነገር ትናገራለች። የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ፣ ሕንፃው ለምን እንደሚወድቅ የሚያስተምረው የሐዲስ ነው፤ ሲወድቅ ውስጡ ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል ግን ከበዓሉ የተሻለ የነገረኝ የለም።

አሁን ለእኅቴ ልጅ በዚያን ቀን የነገርሁትን፣ ከዚያ በፊትም ለማንም ያልነገርሁትን፣ ልጻፍ።

በ1970 ዓ. ም. የ19 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ሁለት ሱቅ አልፎ የነበረ አንድ ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ሰጥቶኝ 480 ብር ዕዳ ነበረብኝ። አንድ ሌሊት ሰውየውን መጥተው ወሰዱት። በማግሥቱ ሱቆቹ ሁሉ በሰዓታቸው ተከፈቱ፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም። መንገዱ ጸጥ ከማለቱ የተነሣ የመጥረጊያው ድምፅ ከተራው ጫፍ ይሰማ ነበር። በዚያ ሳምንት እንደ ነበረችው ያለች የተስተካከለች መርካቶ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የእኅቴ ልጅ ቢያያት ነፍሱ ባረፈች ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የሰውየው ሚስት ጥቁር ለብሳ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች መጣች። ደብተሩን ከሰውየው ጋር ወስደውታል። «ወንድሜ፣ የእርሱ ገንዘብ በእጅህ ይኖር ይሆን?» አለችኝ። እኔም ዙሪያዬን አየሁና «የለም፣ እመቤቴ» አልኋት። ፈርቼ ነው እል ነበር፤ ከዚያች ሴት ጋር ስነጋገር ቢያዩኝስ ብዬ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን 480ውም ብር በኪሴ ውስጥ እውነት ነበር፤ በዚያም ገንዘብ ዕቃ ገዛሁበት። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ሴትዮዋን አፈላለግሁ፤ ወደ አገሯ ገብታለች ከማለት በቀር የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ. ም. ማታ ሸማ ተራ በእሳት ሲያያዝ ደግሞ የዚያን ተቃራኒ አየሁ። ጩኸቱ የዓለም መጨረሻ ይመስል ነበር። የሰው ዕቃ ተሸክሞ የጠፋ አይቻለሁ፤ የማያውቀውን ሰው ቦንዳ አውጥቶ፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ እስከ ንጋት ላዩ ላይ ተቀምጦ የጠበቀ ኩሊም አይቻለሁ። የእኔም ሱቅ ተቃጠለ፤ የዱቤ ደብተሬም አብሮ ነደደ። ከዚያ በኋላ ባለ ዕዳዎቼ አንዳንዶቹ ጠፉ። ሌሎቹ ግን፣ አንዱማ ከወልድያ ድረስ፣ ማስረጃ እንደሌለኝ እያወቁ መጥተው «ይህን ያህል አለብኝ» ብለው ቈጥረው ሰጡኝ። ገንዘቡን ስቀበል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰዎቹ በእሳቱ ደንግጦ ነው ብለው አጽናኑኝ።

የእኅቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ስለ በትሩ ሊከራከረኝ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን «480 ብር በዛሬው ስንት ይሆን፣ አጎቴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ አስቤው እንደማላውቀው ነገርሁት። ሲሄድ ፍቅር እስከ መቃብርን ከመደርደሪያዬ ላይ አወጣና የገበሬዎቹን ክፍል እንደገና አነበዋለሁ ብሎ ይዞት ወጣ።