ሕመምተኛውን ሳይሰሙ ሕመሙን ስለሚፈቱ ሰዎች

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ የአንድ ሰው አእምሮ የታወከ እንደ ሆነ፥ ፍቺው ከሐኪሙም ከጠበሉም ቀድሞ ይደርሳል። አንዱ ዛር ነው፥ ሁለተኛው የአባቱ ግፍ ነው፥ ሦስተኛው ትምህርት በዝቶበት ነው ይላል። ከሕመምተኛው በቀር ዝም የሚል የለም።

ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር ኢዮብን ሊያጽናኑ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አደረጉ። አፋቸውን ከፍተው ኃጢአቱን መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ግን ሳቱ፤ እግዚአብሔርም ገሠጻቸው፤ ምሕረት ያገኙትም ያው የከሰሱት ሰው ስለ ጸለየላቸው ነው። ይህን ታሪክ በዐውደ ምሕረት የሚያስተምር መምህር፥ ሕመምተኛ ወደ ደጁ ሲመጣ እንደ ኤልፋዝ መናገሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ከሱሉልታ ወዲህ ባለው በእንጦጦ ተራራ ብዙ ሕሙማን ይጠመቃሉ። ጥምቀቱ አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው፥ «ኪኒኑን ጥለህ ተጠመቅ» የሚለው ምክር ነው። መድኃኒቱን ድንገት ያቋረጠው ሰው ሕመሙ ሲያገረሽበት፥ ያው መካሪ እምነት ጐደለህ ይለዋል፤ እግሩን በሰንሰለት የሚያስርም አይታጣም። ይህ ትምህርት ከየት መጣ? ኢያሱ ወልደ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንዲገባ አስተምሯል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ሲናገሩ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን አስታውቀዋል።

ይህን የሚያነብ የተማረ ሰው በካህኑ አይሳቅ፤ እርሱም የኤልፋዝ ወንድም ነውና። በአማኑኤል ሆስፒታል ወይም በቡራዩ አጠገብ በገፈርሳ ማገገሚያ ያለ ሕመምተኛ እግዚአብሔርን በጠራ ቍጥር፥ ጸሎቱን ከበሽታው ምልክት ጋር ይቈጥርበታል። ነገር ግን «እህል አትቅመስ» የሚል ድምፅ የሚሰማው ሰውና «እግዚአብሔር አልተወኝም» የሚል ሰው አንድ አይደሉም። ይህን ለመለየት ብዙ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ለማዳመጥ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

ከሕሙማኑ አንዱ፥ ሕመሙ በመንገድ ዳር ለወደቀው ሰው ልቡን እንደ ከፈተለት ይናገር ይሆናል። ሌላዋ ምንም ፍቺ አላገኘሁበትም፤ ሌሊት መተኛት ብቻ እሻለሁ ትል ይሆናል። የንስሐ አባቷ ጥቅስ ከመፈለጉ በፊት፥ ኪኒኑ አልቆባት እንደ ሆነ ይጠይቃት።